የአልቃሻ ጥንቸሎች ጉዳይ

ለተከበሩ የእሽግ አሻንጉሊቶች ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይናገሩ ካርቶን መሸጥ የቻለው ብሩህ አእምሮዎ ከራስ ምታት እንዲጠበቅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ደንበኞቼ ሰዓታቸው መሥራቱን ሳያዩ የሚከፍሉኝ ቢሆኑ ኖሮ እኔም ዛሬ ሥራ አስኪያጅ በሆንኩ ነበር።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግላ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ድሮ የሕመምተኛ ደም ሥር ትፈልግበት በነበረው ጣቷ ዛሬ በሰፈራችን አሻንጉሊት መደብር መደርደሪያ ሥር ቆማ፣ ውስጡን ለመገመት የእርስዎን ካርቶኖች ትዳብሳለች። የምትመኘው ጃንጥላ የያዘችውን ጉጉት ነው፤ የሚደርሳት ግን ሁልጊዜ አልቃሻው ጥንቸል ነው። አልቃሾቹ የሱቄን መስኮት ስለያዙት አላፊ አግዳሚው ስለ ሰዓት መጠየቁን ትቶ ማን እንደሞተብኝ ይጠይቀኛል።

፪ኛ. ባለፈው ወር ባለቤቴና ታናሽ እህቷ አብረው ወደ አሻንጉሊት መደብሩ ሄዱ። ባለቤቴ አንዱን ካርቶን ደባብሳ አነሳች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለወጠችና እሱን ለእህቷ ሰጥታ ሌላ ወሰደች። እህቷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ በዕድሜዋ አሻንጉሊት ገዝታ አታውቅም። እዚያው በር ላይ ብትቀደው ጉጉቷ ወጣች። ባለቤቴ ዘጠነኛውን ጥንቸል ታቅፋ ቤት ገባች። አንደኛዋ መጀመሪያ በእጄ የገባው የእኔ ነው ስትል፣ ሌላዋ ከሰጡ ወዲያ ጸጸት የለም ብላ፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ እህትማማቾች ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይንሽን ለአፈር ተባባሉ። መልእክት አመላላሹ እኔ ነበርኩ፤ በስተርጅና ለዚህ ማዕረግ ስላበቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫ኛ. ይህኛው ቅሬታ ይሁን ምስጋና እርስዎ ይፍረዱ። ባለፈው እሑድ እህቷ በራችንን አንኳኳች። ጉጉቷን ባለቤቴ መዳፍ ላይ አስቀምጣ፣ «እታለም፣ ውሰጃት። እኔ የናፈቅኩት አንቺን ነው» አለቻት። ባለቤቴ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ጉጉቷን መለሰችላትና፣ በስጦታ የመጣች ጉጉት እንደማትቆጠር በትሕትና አስረዳቻት። እኔ ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገብቼ ስመለስ ሁለቱም የሉም፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ መደብሩ ሄደዋል። ሲመለሱ ሳቃቸው ከደረጃው ሥር ጀምሮ ይሰማ ነበር። ይዘው የመጡት አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን አልቃሻ ነው።

እንግዲህ ፋብሪካዎ እንዲሰፋ፣ ካርቶንዎ እንዲደምቅ፣ የእርስዎም ደመወዝ ውስጡ በማይታወቅ እሽግ ተደርጎ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የአሥራ አንድ ጥንቸሎች አሳዳሪ የሆነው ሰዓት ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በፊት ለቅሬታ ክፍልዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ የደረሱኝ ሦስት መልሶች ቃል በቃል አንድ ናቸው። የተለየ መልስ የደረሰው ሰው ካለ ለመለዋወጥ ዝግጁ ነኝ።