ለክትሩ የተቆረሰ እርሻ

ጋዝጊብላ፣ ጥር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ካሤ፣
ሁመራ

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። የቆላው ሙቀትና ወባ ጤናዎን እንዳይነሣዎ በየጸሎታችን እናነሣዎታለን። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቷል፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች።

ይህን የምጽፍልዎ ስለ እርሻው ከሰው አፍ ሳይሰሙ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው። ከእርሻችን ራስጌ፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ የሚወርደውን የጥንት ሰዎች አፈር ቆልለው የሠሩትን ክትር ያውቁታል። ከጎኑ የተቆፈረው ጉድባ ቆሞ የሚሄድ ሰው ይውጣል። ማን እንደ ሠራው ሽማግሌዎቹም አያውቁም። በታኅሣሥ የቀበሌው ሰው ኩሬ ሊሠራ ወጣና፣ ቅርብ ስለሆነ ለኩሬው ግድብ የሚሆነው አፈር ከክትሩ እንዲቆፈር ተወሰነ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሄዳ ክትሩ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ እንጂ ተዋበች፤ ባለቤት የሌለው አፈር ነው» አላት የሥራው መሪ ጓንጉል።

«የሠሩት ስለ ሞቱ ነዋ እኔ የተቀመጥሁት።»

«ታዲያ ከብቱ በውኃ ጥም ይለቅ?»

እናቴ ተነሣችና ወደ እርሻችን ወረደች። እርስዎ ድንጋዩን ለቅመው ያለሰለሱትን የታችኛውን ዳር በእግሯ አሰመረችና «ከዚህ ቆፍሩ» አለች።

«ካሤ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ?» አላት ጓንጉል።

«መጥቶ ይጠይቀኝ» አለችው። አፈሩም ከዚያው ተቆፈረ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ስለ እርሻው ከፍቶኝ ነበር። በማግስቱ ግን ክትሩ ላይ ወጣሁ። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እንዲያ ያለ ግርማ እንዳለው አላውቅም ነበር። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ሳይጣመም ይወርዳል። ስንት ሰው ስንት ዓመት አፈር ቢሸከም ነው እንዲህ የሚቆመው? እያልሁ ቆሜ ቀረሁ። አጠገቡ አድጌ ያን ቀን ገና አየሁት።

ባለፈው ሳምንት የቅርስ ባለሙያዎች ከሰቆጣ መጡ። ጸሐይነሽ የምትባለው ክትሩን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ሄደችበት። ዕድሜው ገና ይጠናል፤ ከእንግዲህ ግን ማንም እንዳይነካው ተከልክሏል፤ ሰሌዳም ተተክሎበታል። ከዚያ ሰዉ በተሰበሰበበት «ይህን ያስቀረው ማን ነው? ስሙ ይመዝገብ» ብላ ጠየቀች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ካሤ ወልደ ገብርኤል፣ ባለቤቴ ነው» አለች።

«የት አለ?»

«ሥራ ሄዶ ነው፤ ይመጣል።»

ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበር። ማንም አላረማትም፤ እኔም አላረምኋት።

እናቴ «ሰላም በይልኝ» ብላለች፤ ሌላ አላለችም።

ቅዱስ ሚካኤል ከክፉ ይሰውርዎ፤ ወደ ቤት የሚመልስዎትንም መንገድ ያቅናልዎ።

ልጅዎ ሰላማዊት