በኦቦ ቶለራ ጉብታ ላይ የቆመው ራዳር

ሰኞ
ዛሬም ሰላምታዬን አልመለሱም። ራዳራችንን የጫነው መኪና የቆመበት ጉብታ የኦቦ ቶለራ ነው። ባለፈው ሳምንት እርጎ የላኩልን ሰውዬ ዛሬ "አካም ቡልተን" ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ባልደረባዬ ዳዊት "አሟቸው ይሆናል" አለ። አልመሰለኝም። ነገር አለ።

ማክሰኞ
ነገሩን ከእትዬ ዘይነባ ሰማሁ። ሁሩሙ ከተማ ገበያ ዳር ሱቅ አላቸው፤ ክፍል ያከራዩኝም እሳቸው ናቸው።
"ዘንድሮ ዝናቡን ያባረረው መኪናው ላይ የሚዞረው ሳህን ነው ይላሉ፣ ኦቦ ቶለራም ሌላውም። አንቺ ደግሞ የመቱ፣ የዚሁ አገር ልጅ ሆነሽ..."
አላስጨረስኳቸውም። ራዳሩ ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ከጠብታውና ከበረዶው ነጥሮ ይመለሳል፤ እኛ የምናጠናው የተመለሰውን ነው፣ ደመናው ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ብቻ፣ አልኳቸው። "እሺ" አሉ። እሺታቸው የማመን አልነበረም።

ረቡዕ
የጄኔሬተሩ ገመድ ተቆርጧል። ዳዊት አይጥ ነው ይላል። የትኛው አይጥ ነው በቢላ የሚቆርጥ? ቀኑን ሙሉ በጉብታው ያለፈውን ሁሉ ስሰልል ዋልኩ። ማገዶ የተሸከመች ሴት እንኳ ጠረጠርኩ። አፈርኩ። ደግነቱ ገመዱ ተጠግኗል።

ሐሙስ
የገበያ ቀን።
ከሰዓት በምዕራብ፣ በቅርባችን ባለችው ቡሬ በኩል ደመና ተነሳ። ስክሪኑ ላይ መሃሉ ቀልቶ ሽቅብ አደገ። ወደ ላይ የሚወጣው አየር ጠብታውን ይዞት እየሄደ ያቀዘቅዘዋል፤ በረዶ እየሠራ ነው። አቅጣጫው ወደ ገበያው። እዚህ ግን ፀሐይ!
ብናገር "አንቺ ነሽ ያመጣሽው" ይሉኛል። ዝም ብልስ? ዳዊት "ሥራችን መመዝገብ ነው፣ ተዪው" አለኝ።
ወደ ገበያው ሮጥኩ። "በረዶ እየመጣ ነው፣ ተጠለሉ!" እያልኩ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮህኩ። ሳቁብኝ። እትዬ ዘይነባ ግን የሱቃቸውን በር ወለል አድርገው ከፈቱና "ግቡ! ሕፃን ያዘላችሁ ቅደሙ!" አሉ። ያኔ ሰው ተከተለ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ተጠጋግተን በቆምንበት፣ ሁሉም የሚያየው ውጭውን ሳይሆን እኔን ነበር።

ዓርብ
የቡናው አበባ ረግፎ መሬቱ ነጭ ሆኗል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። "ካልላከችው በምን አወቀች?" እየተባለ ነው።
እትዬ ዘይነባን "እርስዎስ ምን ይላሉ?" አልኳቸው።
"ኢንታላ ኮ፣ እኔ እንጃ። ብቻ ማንም ውጭ አልቀረም።"
ልጄ ማለታቸው ትንሽ አጽናናኝ። እኔ እንጃ ማለታቸው ግን ከልቤ አልወጣም።

ቅዳሜ
ኦቦ ቶለራ መጡ። የመኪናው በር ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም፤ ስክሪኑንም አላዩም።
"ዛሬ ዝናብ ይመጣል?"
"አሁን የሚታይ የለም፣ ኦቦ።"
"ትምያለሽ?"
"ራዳሩ የተፈጠረውን እንጂ ገና ያልተፈጠረውን አያይም። መማል አልችልም።"
"ዋሾ ቢሆን ይምል ነበር" አሉና ወረዱ። ከላይ ሆኜ ሳያቸው በቆሏቸውን አውጥተው ደጃቸው ሸራ ላይ አሰጡት።
ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኔ ግን ምሳዬን አቅርቤ መብላት አቃተኝ፤ ዓይኔን ከስክሪኑ ማንሳት ፈርቻለሁ።