በሊኑክስ ስለበረሩት አባቴና «አጭበርባሪ» ስለተባለችው ቃል

ለተከበሩ የጦር አውሮፕላን ማብረሪያው ጌም የደንበኞች አገልግሎትና የፍትሐዊ ጨዋታ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

እንደምን ሰነበቱልኝ? እርስዎስ፣ ቤተሰብዎስ፣ በተለይም ቀን ከሌሊት ሳይታክት ደብዳቤ የሚመልስልዎ ማሽን እንደምን ከረመ? እኛ ከእናንተ ሰማይ ከተባረርን ወዲህ በምድር ላይ ደህና ነን።

ጊዜዎን እንዳልሻማ ራሴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፤ የምኖረው ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰባ ሁለት ዓመት ከሞላቸው አባቴ ጋር ነው። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት የተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፤ አንድም ቀን ግን አብርረው አያውቁም። በእጃቸው የጠገኗትን አውሮፕላን ሌላ ሰው ይዟት ሲነሣ፣ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንጋጠው ማየት ነበር ዕድላቸው። አሁን ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ስላለ ሰማዩን የሚያዩት በመስኮት ነው። ያቺው አውሮፕላን እስከ ብሎኗ ተሠርታ በጌማችሁ ውስጥ እንዳለች የሰማሁ ዕለት፣ ላስፈነድቃቸው ተነሣሁ። ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ጌማችሁ የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ መሆኑን በትሕትና እረዳለሁ። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ዕድሜው ገፍቶ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ስላቃተው በምትኩ ቀለል የሚለውን ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። ለዊንዶውስ የተጻፈን ፕሮግራም ሊኑክስ እንዲገባው የሚያስተረጉም፣ በይፋ የሚገኝ፣ ብዙ ሰው የሚገለገልበት ሌላ ፕሮግራም አለ፤ በዚህ አስተርጓሚ በኩል ጌማችሁን ለማስነሣት አሥራ አንድ እሑድ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የመጣው ጥቁር ስክሪን ነው። በሦስተኛው እሑድ ድምፅ ያለ ምስል መጣ፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋገጡልኝ። በስድስተኛው ምስሉም መጣ፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የእጅ መሪውን ጆይስቲክ ፕሪንተር ነው ብሎ ስለቆጠረው፣ ወደ ቀኝ በታጠፍን ቁጥር ወረቀት ጨምሩ ይለን ነበር። በእግር የሚረገጠውን መሪ ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና መርገጫ ሠራሁት። ሊፍት እንዲህ ያለ ትዕግሥት አስተምሮኝ አያውቅምና ከልብ አመሰግናለሁ።

በአሥራ አንደኛው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አባቴ መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አልተነሡም፤ ያንዱን ማብሪያ ከሌላው፣ ያንዱን መብራት ከሌላው እያስተያዩ ፈተሹ። በመጨረሻ መንደርደሪያውን ለቀቁ። ደመናውን ካለፉ በኋላ ቀስ ብለው፣ «ለካ እውነትም ወደ ግራ ትጎትታለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራሪዎቹ ሲነግሩኝ ሰበብ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ያንኑ ዕለት ስልክ አንሥተው፣ ያቺን አውሮፕላን ያበርሩ የነበሩትን፣ ዛሬ ራቅ ባለ ከተማ በጡረታ የሚኖሩትን ሻምበል ይቅርታ ጠየቋቸው። ሻምበሉ ስቀው አላባሩም ነበር። በሳምንቱ እሳቸውም ጌሙን አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ጎን ለጎን ይበርሩ ጀመር። ከወጥ ቤት ሆኜ አባቴ ሲያፏጩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማፏጨት እንደሚችሉም አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፦ በአሥረኛው ቅዳሜ፣ ሻምበሉ ሰማይ ላይ እያንዣበቡ ሲጠብቁ፣ የእኛ ስክሪን ላይ በቀይ ፊደል «ይህ አካውንት በማጭበርበር ምክንያት ለዘለዓለም ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንደተረዳሁት፣ አጭበርባሪ የሚያድነው የጥበቃ ፕሮግራማችሁ የእኛን አስተርጓሚ ሲያይ ባዕድ እጅ መስሎት ደነገጠ። ንቃቱን አደንቃለሁ። በዚያው ሳምንት «ነጎድጓድ» የተባለ ተጫዋች ከመንደርደሪያው ሳይነሣ አርባ አውሮፕላን ሲጥል ሻምበሉ በዓይናቸው አይተው አመልክተው ነበር፤ እሱ እስከ ዛሬ በክብር እየበረረ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ክፍልዎ የማንን ስም እንዳነሣ ያውቅ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን መፍቻ ጎደላቸው። መፍቻ ሞተር ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ አብራሪው አይመለስምና አውሮፕላኗን አስቁመው፣ ክፍሉን ሁሉ ሲያስፈትሹ ዋሉ። መፍቻው የተገኘው በገዛ ኪሳቸው ነው። ማንም አላየም። እሳቸው ግን አለቃቸው ዘንድ ሄደው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ጽፈው ፈረሙ፤ የዚያ ዓመት ዕድገታቸውም በዚያው ቀረ።

እኚህ ሰው ቀዩን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡና «ምን አጥፍቼ ይሆን?» አሉኝ። እኔ የተናደድኩት በእገዳው አይደለም። ጥፋቱን ከራሳቸው መፈለግ ሲጀምሩ ነው።

ሦስተኛ፦ በእጃቸው ጽፈው እኔ የተየብኩላቸውን የአንድ ገጽ ማብራሪያ ልከንላችሁ፣ መልሳችሁ በአራት ሴኮንድ ደርሶናል። በዚህ ፍጥነት አንብቦ የሚመልስ መሥሪያ ቤት በማግኘታችን ዕድለኞች ነን። መልሱ ኮምፒውተራችንን አጥፍተን እንድናበራ ይመክራል። አጠፋን፤ አበራን፤ አጭበርባሪነታችን አልጠፋም። ሁለተኛው መልስ ስለ ትዕግሥታችን ያመሰግናል። ሦስተኛው ስለ ሁለተኛው መልስ ያለንን እርካታ ከአምስት ኮከብ እንድንመዝን ይጠይቃል። አራተኛው «ሊኑክስን አንደግፍም» ይላል። ክቡርነትዎ፣ እኛ መቼ ደግፉን አልን? ስማችንን አታጥፉ ነው ያልነው።

አባቴ ጆይስቲኩን በፎጣ ሸፈኑት። ለጎረቤት ዓይኔን ደክሞኝ ነው አሉ። በእኔ ስም ሌላ አካውንት ልክፈትልዎት ብላቸው፣ «በሰው ስም መግባት፣ እሱማ ማጭበርበር ነው» ብለው ዝም አሰኙኝ። አምስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ።

በስድስተኛው በር ተንኳኳ። ሻምበሉ ናቸው፤ የገዛ አካውንታቸውን ዘግተው፣ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ሦስቱን ፎቅ እያረፉ ወጥተው ነው የመጡት። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ፎጣውን አነሡትና «አንተ ያላየኸውን አውሮፕላን መቼ አብርሬ አውቃለሁ?» አሏቸው። አባቴ ሁለተኛ ወንበር ሳቡላቸው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ዘበኛችሁም ስለሚተኛ፣ የልምምዱ ክፍል ዛሬም ይሠራል። ጠላት የለበትም፣ ተኩስ የለበትም፤ መነሣትና ማረፍ ብቻ። ሻምበሉ በየወሩ መጀመሪያ ይመጣሉ። አባቴ ጆይስቲኩን ይይዛሉ፣ ሻምበሉ ያርማሉ፤ ከዚያ ይጨቃጨቃሉ። ስለዚህ ሰማያችሁን መልሱልን አልልም። የምለምነው አንዲት ቃል ነው፦ ከእኚህ ሰው ስም ላይ «አጭበርባሪ» የምትለዋን ያንሡልኝ። እገዳው ከፈለጋችሁ ለዘለዓለም ይሁን፤ «በሊኑክስ ምክንያት» ብላችሁ ጻፉት። እሱ እውነት ነው፤ አባቴም በደስታ ይፈርሙበታል።

ሰማያችሁ ከሽማግሌ ሁሉ ተጠብቆ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ለክፍልዎ ንቃት ወሰን በሌለው አድናቆት እጅ እነሣለሁ።

የአጭበርባሪው ልጅ፣
ሊፍት ጠጋኟ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጌማችሁ አውሮፕላን ላይ የቀኝና የግራ ነዳጅ መለኪያዎች ቦታ ተለዋውጧል። አባቴ ገና በመጀመሪያው በረራ ያዩትን፣ ሻምበሉም ያረጋገጡትን ይህን ስሕተት፣ ከሌሎች አሥራ ሰባት ጋር በሥዕል አስደግፈው በሁለት ገጽ አዘጋጅተውላችኋል። በነጻ ሊልኩላችሁ ሞክረው ነበር፤ የስሕተት መጠቆሚያ ገጻችሁ ግን ያልታገደ አካውንት ይጠይቃል። ምናልባት «ነጎድጓድ» ይጠቁማችሁ።