አሥራ ሦስት ሴንቲ

ኅዳር 3
የጀልባዋን የኋላ ሳንቃ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ አረፈድኩ። ጥፍሬ ውስጥ ሁሉ ቀለም ገብቷል። ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ነፋስ መለመን ሰልችቶናል። ሞተር ልንገጥምላት ነው።» «እናንተ ማን ናችሁ?» አልኩት። «እኔና አባባ።»

ንድፏን የሳልኩት እኔ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት መልስ፣ እዚሁ ግቢ ከአባባ ጋር ጣውላ ሳጎብጥ የኖርኩት እኔ። ሐይቁ ላይ የወረደች ቀን ግን አባባ በጎረቤት ሁሉ ፊት የባለቤትነት ወረቀቷን ለወንድሜ ሰጠው። «የእጄን ሥራ ለልጄ» ብሎ። እኔስ ምኑ ነኝ? ስጠይቀው «አንቺ ነገ ታገቢያለሽ» አለኝ። የማገባውን ሰውዬ እስካሁን እኔ አላየሁትም፤ አባባ ሳያውቀው አይቀርም።

ኅዳር 5
ሞተሩ መጣ። ወንድሜ ማንንም ሳያማክር፣ ያገለገለ ገዝቶ። ገና ሲያወርዱት ዐይኔ ፕሮፔለሩን በሚሸከመው እግሩ ላይ አረፈ። አጭር ነው። ዞር ሲሉልኝ ለካሁት። ሠላሳ ስምንት። የኔ የኋላ ሳንቃ ቁመት ደግሞ ሃምሳ አንድ። አሥራ ሦስት ሴንቲ ይጎድላል። ሁሉም ኋላ ከተቀመጠ ክብደቱ ፕሮፔለሩን ውሃ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ሰው ወደ ፊት ከሄደ ግን ኋላዋ ይነሳል... ፕሮፔለሩም አየር ይቀዝፋል።

ልንገረው? ማን ጠየቀኝ?

ኅዳር 6
ገጠምነው። እኛ ግቢ አንዱ ለክቶ ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሌላው ይደግማል፣ ከዚያ ነው መጋዝ የሚነሳው። ጠሪዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። አባባ መሰርሰሪያውን ይዞ ጠበቀኝ። «ጥሪ እንጂ፣ ኢንጂነሯ!»

የቀዳዳዎቹን ርቀት ጠራሁ። ሃያ ስምንት። «ሃያ ስምንት» አለ። ከፍታውን ዘለልኩት። አልዋሸሁም... አልዋሸሁም? አራት ቡሎን፣ አራት ሮንዴላ። ዳዶዎቹን ያጠበቅኩት በገዛ እጄ ነው።

ኅዳር 7
ሞከሩት። ሁለቱም ኋላ ተቀምጠው፣ ውሃው ረግቶ፣ ያለምንም ችግር ሄደ። ወንድሜ ከሐይቁ ላይ ጮኸ፦ «ፕሮፌሰሯ! ሸራሽን አንሶላ አድርጊው!» አባባ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ወንድሜ ይዋረድ አልኩ። አንድ ቀን መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ በባዶ ይጮህበታል፣ ሰው ይስቅበታል፣ ከዚያ እኔን ፍለጋ ይመጣል። ያሰብኩት ይሄን ብቻ ነው። እምላለሁ፣ ይሄን ብቻ።

ኅዳር 10
የአባባ እጅ።

ኅዳር 11
ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ከሰዓት ነፋስ ተነስቶ ነበር። እየተመለሱ ነው። እኔ ገመድ ልቀበላቸው የድንጋዩ መውረጃ ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። አባባ ገመዱን ይዞ ወደ ፊት መጣ። አንድ እርምጃ... ሁለት... «ተቀመጥ!» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ኋላዋ ተነሳ፤ ሞተሩ አየር ላይ አጓራ። ወንድሜ የኋላ ማርሽ አስገባ፤ የሚይዘው ውሃ የለም። ማዕበሉ ወደ ድንጋዩ ገፋት። አባባ ሊያድናት እጁን ዘረጋ። ጀልባዬን ሊያድን።

ሦስት ጣት በጀልባዋና በድንጋዩ መሀል ተጨፈለቀ። የቀኝ እጁ። አናጢ ነው፣ አባቴ። ሐኪሟ «ሁለቱ ይታጠፋሉ፤ ሦስተኛውን እንጃ» አለች።

ኅዳር 13
ወንድሜ እህል አይቀምስም። ለጠያቂው ሁሉ «የኔ ጥፋት ነው፣ ማርሹን አዘገየሁት» ይላል። አክስቴ «አይዞህ፣ ያጋጥማል» ትለዋለች። እኔ ወንበር አቀርባለሁ፣ ሻይ እቀዳለሁ። ስኳር ስንት ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ተበድያለሁ። እውነት ነው። ታዲያ ለምንድነው ቀና ብዬ ሰው ማየት ያቃተኝ?

ኅዳር 15
ተናገርኩ። ምሳ ላይ።

«የሞተሩ እግር አሥራ ሦስት ሴንቲ ያጥር ነበር። ለክቼዋለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።»

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። «መቼ ነው የለካሽው?»

«ሳይገጠም።»

«እኔ እኮ አምስት ቀን ሙሉ...» ተነስቶ ወጣ።

አባባ ሳህኑን በግራ እጁ ገፋ። «ወንድምሽን ልትቀጪ ነበራ» አለ።

«አንተንም።»

ምን አናገረኝ? እውነት ስለሆነ ነው። ቀጠልኩ። «ጀልባዋ የኔ ናት፣ አባባ። ጣትህም በኔ ነው። አንዱን አምኜ ሌላውን አልተውም።» ጀርባውን ሰጠኝ።

ኅዳር 18
ሞተሩን ፈታሁት። ብቻዬን አልችለውም ነበር። ወንድሜ ሳልጠራው መጥቶ በአንድ በኩል ያዘልኝ። ካወረድነው በኋላ ብቻ «ሰይጣን ነሽ» አለኝ።

ኅዳር 21
አባባ ዛሬ ፋሻው ሊቀየርለት ሐኪም ቤት ይሄዳል። ስድስት ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም። ጠዋት በሩ ጋ ቆሞ በግራ እጁ ከሸሚዙ ቁልፎች ጋር ሲታገል አየሁት። ሄጄ ቆለፍኩለት፣ ከታች ወደ ላይ። ዐይኔን አላየም። ትንፋሹ ግንባሬ ላይ ያርፋል። የአንገቱን ጨርሼ ዞር ልል ስል ደህነኛውን እጁን ዘረጋልኝ።

«የእጅጌዬንስ ማን ሊቆልፍልኝ ነው?»

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከጣቴ አመለጠ። እጁን አልሰበሰበም። ጠበቀኝ።