ሳንጠይቅ ስለ ተሻሻለልን ማንበቢያ

ለተከበረው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ አምራች ድርጅት
የደንበኞች ደስታ ቡድን
ባላችሁበት

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኛ በሮዶፔ ተራሮች የሲኒያ ቼሽማ መንደር ነዋሪዎች፣ ወገባችን ከመጉበጡ በቀር፣ ደህና ነን፤ የዘንድሮው ትምባሆም ቅጠሉ አምሯል። እናንተም በዚያ ቀዝቃዛ ቢሮአችሁ ውስጥ ዐይናችሁ ሳይደክም፣ ጣታችሁ ሳይዝል፣ የሰው ዕቃ ከሩቅ ለመነካካት የሚያስፈልጋችሁን ብርታት ፈጣሪ እንዳያጓድልባችሁ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ በግል የጻፍኳቸው ሁሉ «ጥያቄዎ ለእኛ እጅግ ውድ ነው» የሚል መልስ ብቻ ስላመጡልኝና ይህን ያህል ውድ ነገር ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ስለ ከበደኝ ነው።

ሚንካ ካራጆቫ እባላለሁ። የመንደራችን ንባብ ቤት፣ ማለትም የትንሿ ቤተ መጻሕፍታችን፣ ጸሐፊ ነኝ፤ በነሐሴ ግን እዚህ ጸሐፊም ሊቀ መንበርም የለም፣ ሁላችንም ትምባሆ ሰኪ ነን። ጎህ ሲቀድ የተለቀመውን ቅጠል፣ እኛ ሴቶቹ ዳስ ሥር ተቀምጠን በረጅም መርፌ እየወጋን ክር ላይ እንደረድራለን። የትምባሆ ሙጫ ጣትን አጥቁሮ ስለሚያጣብቅ በዚያ እጅ መጽሐፍ መግለጥ የማይታሰብ ነው፤ ንባብ ቤታችን የእናንተን ማንበቢያ የመረጠውም በጎኑ ላይ ስላሉት ሁለት ቁልፎች ብቻ ነበር። እኔ ማንበቢያውን ሣጥን ላይ አቁሜ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ገጹ ሲያልቅ ቁልፉን በክርኔ ጫን አደርጋለሁ፣ እጄ ከመርፌው አይለይም። ሰው በክርኑ ሊያነብ እንደሚችል ከእናንተ መካከል ያሰበ አንድም እንዳልነበረ ይገባኛል፣ ስለዚህም አልቀየማችሁም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ከቁልፎቹ ስለ ገላገላችሁን አመሰግናለሁ። አንድ ማለዳ ማንበቢያው ማንም ሳይነካው ጠፍቶ በራና «የንባብ ልምድዎን አሻሽለንልዎታል» ሲል አበሰረን። ደስ ብሎኝ ቁልፉን በክርኔ ብጫን ገጽ በመግለጥ ፈንታ ሱቃችሁን ከፈተልኝ። ደግሜ ብጫን ያው ሱቅ ሆነ። ጎረቤቴ ሩፊዬ፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ግን ከእጇ የሚቀድም፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ሚንካ፣ ትተሽን ገበያ ወጣሽ እንዴ?» አለችኝና ዳሱ በሙሉ ሳቀብኝ። ድሮ የነበረውን እንድትመልሱልን ስጠይቃችሁ፣ አብዛኛው ደንበኛ አዲሱን አሠራር እንደወደደው ገለጻችሁልኝ። አብዛኛው ደንበኛ እጁ ንጹሕ በመሆኑ ከልብ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰጣችሁን ሰፊ ምርጫ። ቁልፎቹ ከተወሰዱብን በኋላ ስክሪኑን በጣት መንካት ግድ ስለሆነ፣ ቀኑ ሳይገባደድ ስክሪኑ እንደ እጃችን ሙጫ ለበሰ። እኛ እጃችንን የምናጸዳው ባልበሰለ ቲማቲም ነው፤ ሙጫውን እንደሱ የሚያስለቅቅ ነገር አናውቅም። ስለዚህ ሩፊዬ አንድ አረንጓዴ ቲማቲም ገመሰችና ማንበቢያችሁን እንደ ራሷ መዳፍ አሸችው። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ቅጽበት ሌላ ማሻሻያ እንድንቀበል የሚጠይቅ መስኮታችሁ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ነበር፤ በላዩም «አሁን እስማማለሁ» እና «ቆይቼ እስማማለሁ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ነበሩ፣ «አልስማማም» ለሚለው ቦታ ጠቧችሁ መሆን አለበት። የቲማቲሙ ውሃ ተንሸራቶ «አሁን» የሚለው ላይ አረፈ። እናም ከድርጅታችሁ ጋር ውል የገባው ንባብ ቤታችን ሳይሆን የሩፊዬ ጓሮ ቲማቲም መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ፤ ክስ ካላችሁ መጥሪያውን ወደ ጓሮው መላክ ይቻላል።

ሦስተኛው ቀለል ያለ አይደለምና ታገሡኝ።

ያ ቲማቲም የፈረመበት ማሻሻያ ሥራውን ጨርሶ ሲነሣ፣ ስናነብ የከረምነው መጽሐፍ አልነበረም። በምትኩ «ምንጩ ያልተረጋገጠ ይዘት ለደኅንነትዎ ሲባል ተወግዷል» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። መጽሐፉ ድሮ የሞቱ አንድ የወረዳችን መምህር የጻፉት ወፍራም ልብ ወለድ ነው፤ የታተመው አንዴ ብቻ ስለሆነ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ነበር የላከልን። ዴስፓ የምትባል የወፍጮ ቤት ልጅ ከእናቷ ጋር ተጣልታ አገር ጥላ ትሄዳለች፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተሳፈረችበት ባቡር በመንደሯ ጣቢያ ይቆማል፤ እናትየው ጣቢያው ላይ ቆማለች። እዚያ ላይ ደርሰን የቀረን አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። የሮዶፔን ሴቶች ደኅንነት የሚያሰጋው ነገር እዚያ ውስጥ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ከመካከላችን ያን ምዕራፍ ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት እትዬ ሴቭዳ ነበሩ። እትዬ ሴቭዳ የዳሳችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዐይናቸው ፈዟል፣ ልባቸውም ታሞ በማግሥቱ ለቀዶ ሕክምና ወደ ፕሎቭዲቭ ከተማ ሊሄዱ ነበር። ስፔን የምትኖር ፊክሪዬ የምትባል ልጅ አለቻቸው። አባቷ ሲቀበር ሳትመጣ ከቀረች ወዲህ ስሟ በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም፣ እኛም በፊታቸው አናነሣም። በዴስፓ በኩል ግን ስንቱን ቀን ስለ ልጃቸው ሲያስቡ እንደዋሉ መርፌያቸው ቀጥ ሲል እናውቅ ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና «በይ አንብቢልኝ፤ ነገ ቢላዋ ሥር ስተኛ፣ ከባቡሩ ትውረድ አትውረድ ሳላውቅ መተኛት አልፈልግም» አሉኝ።

ክቡራን ሆይ፣ በዚያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቦርጭ ስለሚያጠፋ አመጋገብ የምትሸጡት መጽሐፍ ማስታወቂያ ነበር። እኔም እሱን እያየሁ የዴስፓን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ባቡሩን አቆምኩት፣ በሩን ከፈትኩት፣ ዴስፓን ሻንጣዋን አስይዤ አወረድኳት። አጠገቤ ያለችው ሩፊዬ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ቅጠሏም ተመለሰች። እትዬ ሴቭዳ «እናትየውስ ምን አለቻት?» ሲሉኝ ግን፣ ለዚያ የሚሆን ቃል ከቦርጩ ማስታወቂያ ላይ አላገኘሁም።

«‹ምሳ በልተሻል?› አለቻት» አለች ሩፊዬ፣ ከቅጠሏ ዐይኗን ሳታነሣ።

እትዬ ሴቭዳ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ሌላ ምን ትላለች» ብለው መርፌያቸውን አነሡ። እኔ ግን ቅጠሉን ማየት አቅቶኝ ነበር፤ ስለዚህ ነገር መቼም ቢሆን ይቅርታ አልጠይቅም።

ቀዶ ሕክምናው በደህና ተጠናቀቀ። ከነቁ በኋላ እትዬ ሴቭዳ ነርሷን ስልክ አስደውለው ስፔን ያለችውን ልጃቸውን አገኟት። ፊክሪዬ ራሷ ደውላ እያለቀሰች እንደነገረችኝ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ዝምታ በኋላ እናቷ በመጀመሪያ የጠየቋት ምሳ በልታ እንደሆነ ነው። ሥራዋን ትታ መጣች፤ አሁን ሆስፒታል አብራቸው ናት፤ እሑድ ይዛቸው ትመጣለች።

አራተኛና ዋናው ጉዳዬ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት፣ እንደ ልማዳችሁ ሳንጠይቅ፣ ሌላ ማሻሻያ ልካችሁ መጽሐፉን መልሳችሁልናል። በዚያው ቀን እትዬ ሴቭዳ ደውለው ያ መጽሐፋችን አሁንም አለ ወይ ሲሉኝ፣ እኔም ከደስታዬ ብዛት የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳላነብ፣ አዎ አለ አልኳቸው። እሳቸውም እሑድ ከምሳ በኋላ ያንን ምዕራፍ ፊክሪዬ ራሷ ዳሱ ውስጥ ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ወሰኑ። ስልኩን ዘግቼ አነበብኩት። ዴስፓ አትወርድም። በመስኮቱ እናቷን ታያታለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ ባቡሩ ይሄዳል። መምህሩ የሚጽፉትን ያውቁ ነበር፤ ምዕራፉም እጅግ የሚያምር ነው፤ እኔም ያንን የሚያምር ምዕራፍ ፊክሪዬ ለእናቷ እንድታነብላቸው አልፈልግም።

ወዲያው ጻፍኩላችሁ። እባካችሁ ያንን መጽሐፍ እንደገና አጥፉልን አልኩ። የመለሳችሁልኝ «ምንጩ አሁን ስለ ተረጋገጠ ይዘቱ ከመሣሪያዎ ሊወገድ አይችልም፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ነው። እስቲ አስቡት። ያለ ፈቃዳችን ቁልፋችንን ወስዳችኋል፣ ያለ ፈቃዳችን መጽሐፋችንን አጥፍታችኋል፣ ያለ ፈቃዳችን መልሳችኋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዳችን፣ ለምነን፣ እጃችንን ዘርግተን አንድ ማሻሻያ ብንጠይቃችሁ ግን ደንብ አገኛችሁ። ከእሑድ ምሳ በፊት፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ እንደምትችሉበት አድርጋችሁ አበላሹልን። ይህን ለማድረግ ያላችሁን ተሰጥኦ በዐይኔ ያየሁ ሰው ነኝ።

መልካም ፈቃዳችሁን በትምባሆ ዳስ ሥር ሆኜ በመጠባበቅ፣ ለከፍተኛው አመራራችሁ፣ ለመካከለኛው አመራራችሁና ማንንም ሳያማክር ማለዳ ማለዳ ለሚነሣው ማሽናችሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ምንጊዜም የተሻሻልኩ ደንበኛችሁ፣

ሚንካ ካራጆቫ
የሲኒያ ቼሽማ ንባብ ቤት ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ በመንደራችን በሰው በር ላይ ሳይጠየቅ የሚለጠፍ ወረቀት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሙታን ማስታወቂያ፤ ለክርስቲያኑ ጥቁር፣ ለሙስሊሙ አረንጓዴ ክፈፍ አለው። ያ ወረቀት እንኳ የሞተው ማን እንደሆነና ያዘኑት እነማን እንደሆኑ በስም ይዘረዝራል። ከእናንተ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግን ሁሉም «የደንበኞች ደስታ ቡድን» ተብለው የተፈረሙ ናቸው። ከቡድኑ መካከል እናት ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ እሱ በገዛ ስሙ ይመልስልኝ።