ወረቀቱን እንጂ ቆዳውን አላየሁም ነበር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ጡትሽ እየጠጠረ የሚያስለቅስሽ ነገር ተወሽ ወይ? ምግብስ ትበያለሽ? ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ» ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊው ነው በወረቀት የመጣሁብሽ፤ ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋም።

እኔ ደህና ነኝ። ልጅቷም አሁን ደህና ናት። «አሁን» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ መጨረሻው ጥሩ ነውና አትደንግጪ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በፋብሪካው መሞከሪያ ክፍል ዳይፐር ላይ ሰማያዊ ውሃ ሳፈስ ነው የኖርኩት። አፈሳለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ፣ ነጭ ወረቀት አስቀምጬ ብረት እጭንበታለሁ። ወረቀቱ ሳይረጥብ ከወጣ «አልፏል» ብዬ እፈርማለሁ። በቅርቡ አዲስ ዓይነት መጣ፤ ከቀርከሃ ክር የተሠራ፣ ማሸጊያው ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት፣ «ተፈጥሯዊ» የሚባል። የፈለግሽውን ያህል ብታፈሺበት ጠጥቶ ዝም ነው። ልጅቷ እኔ ጋ ስትመጣ ከሙከራ የተረፈውን አስፈቅጄ ከረጢት ሙሉ ተሸክሜ ገባሁ። ኩራቴን ባየሽልኝ! እኔ የፈረምኩበትን ታጠቀችው።

ከታጠቀችው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቂጧ ቀላ። ከዚያ ተላጠ። ሳጥባት የምታሰማው ጩኸት አንጀት ይበጥሳል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቀን ቀን የምትይዝልኝን ጎረቤቴን ነው። «በምን ሳሙና ነው የምታጥቢያት?» ብዬ አፈጠጥኩባት። ምስኪን፣ «በባዶ ውሃ ነው እንጂ፣ እንቺ አሽትቺ» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። ያ የተዘረጋ እጅ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ሕፃናት የሚያየው ነርስ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉን ነገር «ቀስ፣ ቀስ» ስለሚል እናቶቹ «አባ ቀስ» ይሉታል። ዳይፐሩን ፈታና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «ይኼ አበባ አበባ ይላል፤ ልጅ ደግሞ አበባ አትሸትም» አለኝ። ሽቶ እንደተጨመረበት አውቃለሁ፤ የእኔ ሥራ ውሃ መለካት ነውና ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ቀጥሎ በየስንት ሰዓቱ እንደምንቀይርላት ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ነው እህቴ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የወደድኩት። ለጎረቤቴ «ቶሎ ቶሎ አትቀይሪላት፤ ብዙ ሰዓት ይችላል፣ ራሴ ሞክሬዋለሁ» ያልኳት እኔው ነኝ።

አልተቆጣኝም። «ዳይፐሩ ይችል ይሆናል፤ እሷ ግን አትችልም» አለኝ። «ተፈጥሯዊ ነው ብለሽ አትዘናጊ። ቅጠሉ ያለው ማሸጊያው ላይ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አስጠጋንና ጤነኛውን የሆዷን ቆዳ አሳየኝ። እህቴ፣ በየቀኑ እያጠብኳት አይቼው አላውቅም ነበር! ከሽንኩርት የውስጥ ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ከሥሩ የደም ሥሮቿ እንደ ሰማያዊ ክር ሲሄዱ ይታያሉ። የእኛ ቆዳ ዓለምን ለምዶ ጠንክሯል፤ የእሷ ገና መልመዱ ነው አለኝ። «ቁስሉን ከሥሩ ያለው ቆዳ ራሱ ይሞላዋል፤ አንቺ መንገዱን አትዝጊበት።»

ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ የሰጠኝን ነጭ ቅባት መቀባት፣ እንደረጠበች መቀየር፣ ከዚያ ደግሞ ራቁቷን አየር ማስመታት፤ ያዘዘኝ ይኼን ብቻ ነው። አራት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። መስኮቱ ሥር አንሶላ አንጥፌ አስተኛኋትና አጠገቧ ተጋደምኩ። ስንት ጊዜ እንደሸናችብኝ አትጠይቂኝ። መጀመሪያ ቀን ቀይ ሥጋ ነበር። በማግስቱ ጠርዙ ደረቅ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብርሃኑ ሲያርፍባት፣ ለጋ ቆዳ ከዳር ወደ መሀል ሲገባ አየሁ። ማን አዘዘው? ማንስ ለካለት? እኛ መሐንዲስ ቀጥረን፣ ማሽን ተክለን የምንሠራውን ስንቴ እንስተዋለን፤ እሷ ተኝታ፣ ምንም ሳታውቅ፣ ራሷን ትሰፋለች። በአራተኛው ቀን ፈራ ተባ እያልኩ ጣቴን አሳረፍኩባት። አላለቀሰችም። እግሯን አንስታ ረገጠችኝ።

ሥራ የተመለስኩት አዝያት ነው። አለቃዬ «እዚህ የሕፃናት ማቆያ ከፈትን እንዴ?» አለኝ። መሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ፈታኋትና የቀረውን ምልክት አሳየሁት። ሽቶው ይውጣ፣ ማሸጊያው ላይም ቶሎ ቶሎ እንዲቀየር ይጻፍ አልኩት። ሦስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን በደንብ አየው። ሽቶ የሌለው ሰሞኑን ለሙከራ ወጥቷል። የበላዮቹ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም፤ እኔ ግን በሽቶው ላይ አልፈርምም ብያለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጤና ጣቢያው ካርድ ላይ «የእናት ስም» የሚል መስመር አለ። ካርድ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ስትጠብቀኝ ትንሽ ዘገየሁ። ከዚያ ነገርኳት። እዚያ ሕፃናቱን የሚጠሩት በእናታቸው ስም ነው። ተራችን ሲደርስ ያንን ረጅም ኮሪደር የሞላው ስምሽ ነበር፤ እኔም «አቤት» ብዬ አቅፌያት ተነሳሁ። በወሩ መጨረሻ ተመለሱ ብለውናል። ያኔም ይጠሩሻል።

ጉልበትሽን ያድስልሽ፤ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልሽ፤ የሄድሽበትን ሐሳብ በሰላም ያሳርፍልሽ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለምን እንደሄድሽ አልጠይቅሽም።

የማልሰለችሽ ታላቅሽ