እትዬን ለሰብለ ማስረከብ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14፣ ጠዋት

ክኒኑን ጃም ውስጥ ደብቄ ለእትዬ ሰጠኋት፣ ጃሙን ላሰችና ክኒኑን ተፋችው። ዛሬ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። ካልሲ አንድ እግር ብቻ፣ ሌላውን እምቢ። ደብተሬ፣ በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ፣ ቲቪው ላይ መዝሙር ከፍቼላታለሁ፣ መዝሙሩ ካለቀ ትነሳለች።

ትናንት ሩት መጣች። የእትዬ ልጅ፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደችው፣ ቺካጎ ፋርማሲስት የሆነችው። በሦስት ወር አንዴ ነው ብቅ የምትለው። በሩን ከፍታ ስትገባ እትዬ ከወንበሯ ብድግ! እኔ ላንሳት ስል ጉልበቴን ገደልሽኝ ብላ የምትጮኸው ሴትዮ ብድግ አለች። "ልጄ መጣች! ልጄ!" ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። ከዛ ወደኔ ዞራ፣ "አንቺ፣ ለእንግዳ የሚበላ አቅርቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?"

ሠራተኛ ናት ብላ ነው የምታስበኝ። ስሜን ከጠራችው አራት ወር አለፈ። የወንድሟ ልጅ ነኝ እኮ! ወረቀት ሞልታ ያመጣችኝ ራሷ ናት። አምስት ዓመት አብሬያት ኖርኩ፣ ሁለቱን ዓመት የዌርሃውስ ሥራዬን ትቼ ልብሷን ስቀይር፣ ገላዋን ሳጥብ።

አቀረብኩ። ምን ላርግ። አቅርቤ ሻወር ቤት ገባሁ፣ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ሩት የመጣችው ቦታ ልትመርጥላት ነው። የሽማግሌዎች ቤት ስላት ተቆጣች፣ ኮሚዩኒቲ ነው የሚባለው አለችኝ። ነገ ነርስ ትመጣለች፣ እትዬን ልትፈትናት። መዝሙሩ አለቀ፣ ሄድኩ

ረቡዕ፣ 15፣ ከሰዓት

ሞኝ ነኝ። ደብተሬ ሞኝ ነኝ፣ ሞኝ።

ነርሷ ሩት ካሰበችው፣ ካናል ዊንቸስተር ካለው ቦታ ነው የመጣችው። የሩት አማርኛ ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ ነው፣ ከዛ አያልፍም። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት! እንግሊዝኛዬን ዌርሃውስ ካርቶን ስደረድር ያነሳሁት።

ወሩ ምንድን ነው በያት አለች። ጠየቅኳት። እትዬ፣ "ምን አገባት? የማን ልጅ ናት ይቺ?" እኔ፣ ጃንዋሪ ነው ትላለች አልኩ። የት ነው ያለነው? "ወንድሜ ቤት ነዋ፣ ሲመጣ ያባርራታል።" እኔ፣ ሬይኖልድስበርግ፣ ቤቴ ትላለች አልኩ። ሦስት ነገር ስም ነግራት ቆይታ ድገሚልኝ አለቻት፣ ፖም፣ ጠረጴዛ፣ ሳንቲም። እትዬ፣ "ፖሙን ታምጣውና እናያለን።" ልስቅ ነበር። ሦስቱንም ብላለች አልኩ። ሩት አጠገቤ ቁጭ ብላ ፈገግ ትላለች፣ አይገባት።

ምን ላርግ ታዲያ? እትዬ ቤ/ክ መዘምራን ፊት ቀጥ ብላ ትቆም የነበረች ሴት ናት። እስክሪብቶ ለያዘች የማላውቃት ሴት ገመናዋን ላውጣ? የቤት ነገር ቤት ይቅር ብላ ያስተማረችኝ እኮ እሷው ናት።

ከዛ ነርሷ ጠየቀች። ብቻዋን ከቤት ወጥታ ታውቃለች?

ኖ። ኔቨር።

ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ። ባለፈው ወር ሻወር ስወስድ በሌሊት ልብሷ ወጥታ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ አገኘኋት፣ አንድ ሰውዬ ኮቱን አልብሷት። ለሩት አልነገርኳትም። ብነግራት መጠበቅ አልቻልሽም ትለኛለች። እና ደግሞ እንዲህ አሰብኩ፣ ፈተናውን ካለፈች እኔው ጋ ይተዉአታል። ይሄ ነው ብልጠቴ።

ነርሷ ደስ አላት። ሜሞሪ ኬር፣ የሚረሱት ተዘግቶባቸው የሚጠበቁበት፣ አያስፈልጋትም፣ ክፍት በሆነው ወገን ትገባለች፣ ደህና ናት አለች። ሩት አቀፈችኝ፣ "ቲጂ! ዚስ ኢዝ ሶ ጉድ!" ቤት ትቀራለች ያለ ሰው የለም። ማንም እንደሱ አስቦ አያውቅም፣ እኔ ብቻ ነኝ።

ዓርብ፣ 17

ቦታውን አየን። ሩት ነዳች፣ እትዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከምትደገፍበት ዋከር ጋር።

ሁለት ወገን ነው። በግራ እንደልባቸው የሚወጡ የሚገቡ ሽማግሌዎች፣ በሩ ሲገፋ የሚከፈት። በቀኝ ቁጥር ካልነኩ የማይከፈት በር፣ ሜሞሪ ኬር እዛ ነው። ከኋላ ፓርኪንጉ፣ ከፓርኪንጉ ቀጥሎ ኩሬ። ላዩ በረዶ ይዟል፣ ስስ ነገር፣ ዳክዬ ይሄድበታል።

እና ሰብለ። እዛ የምትሠራ ሐበሻ። አማርኛ ስትሰማ ከቀኝ በኩል እየሮጠች መጣች፣ አበባ አበባ ያለበት ዩኒፎርም፣ ፀጉሯ የተሠራ፣ ትስቃለች፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። "እናቴዋ! እንዴት ኖት እናቴዋ?" ብላ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። እትዬ ሳቀች። ደብተሬ፣ ሳቀች! እኔ ጋ ከመስከረም ጀምሮ ስቃ አታውቅም።

ሩት የክኒን ሰዓት ነው አለች። እኔ ጃም ከቦርሳዬ ሳወጣ ሰብለ ክኒኑን መዳፏ ላይ አርጋ፣ ክኒን ነው እናቴዋ፣ ይዋጡልኝ አለቻት። በቃ። ዋጠችው። ጃሙን ይዤ ቀረሁ።

ከዛ እትዬ እጇን ያዘችና፣ "ትዕግስት፣ ጎበዝ ልጄ፣ አድገሻል" አለቻት።

ትዕግስት እኔ ነኝ።

ሩት አልሰማችም፣ ኦፊስ ወረቀት ሳይን እያረገች ነበር። ሰብለ ግን ፊቴን አየች መሰለኝ፣ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። "ቲጂዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ትወጣለች እንዴ? ሹልክ የማለት ነገር አላት? ካላት እኛ ጋ ነው መግባት ያለባት። እዛ ማዶ በሩን የሚያይ ሰው የለም።"

ቲጂዬ ትለኛለች! መቼ አወቀችኝ?

አትወጣም አልኩ። አሁን ስለ ገመና አይደለም። ሰብለ ጋ እንዳትገባ ነው። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። በቀን ሦስቴ ስሜን ለሷ ስትሰጣት፣ እጇን ስትይዛት ታየኝና የለም፣ አትወጣም አልኩ፣ ረጋ ብዬ። ሰብለ ራሷን ነቀነቀች። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

እሁድ፣ 19

ቤ/ክ። እናቶች ሩትን ከበቧት። እንዴት ያለች የተባረከች ልጅ፣ ለእናቷ ጥሩ ቦታ ፈለገችላት። ከእናቶቹ አንዷ፣ እትዬ አልማዝ፣ ለኔ፣ "አንቺም አሁን ታርፊያለሽ፣ ሥራ ትጀምሪያለሽ" አሉኝ። አሜን አልኩ። ጥርሴን ነክሼ።

ሩት ማታውን ወደ ቺካጎ። እትዬ የምትገባው የፊታችን ሰኞ ሳምንት፣ በግራ በኩል። የመስኮቱ መጋረጃ ሁሉ ተመርጧል። ስለ ኩሬው አስባለሁ። አላስብም እላለሁ፣ አስባለሁ።

ማክሰኞ፣ 21፣ 10 ሰዓት ከሰዓት

ጽሑፌ ካልተነበበ ታገሺኝ፣ በአንድ ዓይኔ እሷን እያየሁ ነው።

ቤዝመንት ልብስ ከድራየር ላወጣ ወረድኩ። አምስት ደቂቃ፣ ማርያምን! ኧረ እኛ ማርያምን አንልም፣ ብቻ አምስት ደቂቃ። ስወጣ በሩ ወለል። በረዶው ላይ የስሊፐር ዱካ፣ ከደረጃው ወርዶ፣ ጋራዡን አልፎ፣ እስከ ትልቁ መንገድ። ሮጥኩ፣ ባዶ እግሬን ነው የሮጥኩት ለካ፣ ኋላ ነው ያወቅኩት።

አስፋልቱ ዳር ቆማለች። መኪና ጥሩምባ እየነፋባት እያለፈ። አንድ እግሯ አስፋልቱ ላይ። ልጮህ ፈለግኩ ግን ደንግጣ ወደ ፊት ብትሄድስ? ቀስ ብዬ ከጎኗ ደረስኩ፣ ክንዷን ያዝኩ። ከንፈሯ ሰማያዊ። አየችኝ፣ እግሬን አየች። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ? በዚህ ብርድ?" አለችና ሹራቧን ከፍታ ጎትታ ከሷ ጋር ሸፈነችኝ። የማታውቀኝን።

ቤት አስገባኋት። ሻይ፣ ብርድ ልብስ፣ ሶፋው ላይ ተኛች። ትተነፍሳለች፣ አሥር ጊዜ አየሁ።

መንገዱ ላይ መኪናው አይቷት ነፍቶ አለፋት። ኩሬው አይቶ አያልፍም።

ለሩት ኮል አደረግኩ። ሁሉንም። አውቶቡስ ፌርማታውን፣ ፖሙን፣ ጃንዋሪን፣ ሰብለ ጠይቃኝ ምን እንዳልኩ። ሩት ጮኸች፣ "ሺ ኩድ ሃቭ ዳይድ፣ ቲጂ!" አውቃለሁ አልኩ። "ኋይ? ለምን?" እኔንጃ አልኩ። ቅናት በእንግሊዝኛ አላውቀውም፣ ባውቀውም አልለውም። አለቀሰች፣ አለቀስኩ፣ ማናችንም ይቅርታ አላልንም። በመጨረሻ ለነርሷ አንቺ ደውዪ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው አለችኝ። አንቺ ነሽ የምታውቂው አለችኝ እኮ።

ደወልኩ። እንደገና ትፈተናለች፣ ሌላ አስተርጓሚ በስልክ። ልክ ነው፣ እኔንም እኔ አላምነኝም።

ዓርብ፣ 24

ተፈተነች፣ ወደቀች። በቀኝ በኩል ትገባለች፣ ቁጥር ያለው በር ውስጥ። ሰኞ። ሰብለ ጋ።

ስለ እትዬ የሚሞላ ፎርም ላኩ። ሰብለ ደውላ በአማርኛ ሙዪው፣ የማነበው እኔ ነኝ አለች። እሷ ነች የምታነበው፣ ሌላ ማን ሊሆን!

ሞላሁ። ስትታጠብ ውሃው መጀመሪያ እጇ ላይ፣ ጭንቅላቷ ላይ በድንገት አይፈስ። ሾርባ ቀዝቀዝ ሲል። ወንድ ነርስ ካየች ነጠላ ትፈልጋለች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል ማድረግ። ክኒን፣ ያንቺን መንገድ ታውቂዋለሽ ብዬ ጻፍኩ፣ ከዛ ሰረዝኩት፣ ምቀኛ እንዳትለኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ስትረበሽ ምን ያረጋጋታል?

ይቺን ማንም አያውቅም። ሩትም። ራሴ ነኝ ያገኘኋት፣ አንድ ቀን ስታብድብኝ፣ ስትቧጭረኝ፣ ደክሞኝ መሬት ቁጭ ብዬ እግሯን ያዝኩ። ባዶ ተውኩት። ሰብለ እትዬን ትውሰድ፣ ሳቋን ትውሰድ፣ ስሜንም ወስዳለች፣ ይቺ የኔ ናት። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ፣ ራሴ አደርግላታለሁ። ፖስታውን ዘጋሁት።

እሁድ። ሰኞ ትገባለች፣ እኔ እሁድ ነኝ። ሐሙስ ቀን ብትረበሽስ? በሩን እየደበደበች አውጡኝ ብትልስ? ሰብለ እናቴዋ እናቴዋ ስትል ትውላለች፣ አይሠራም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ያቃጥለኛል ደብተሬ። ያቃጥለኝ። ፖስታውን ቀደድኩት፣ ፎርሙን አውጥቼ ባዶው መስመር ላይ ጻፍኩ።

ሰብለ፣ ቫዝሊን በእጅሽ አሙቂና ከተረከዟ ጀምሪ፣ ከቀኙ፣ ቀስ እያልሽ ወደ ጣቶቿ፣ አታውሪ፣ መዝሙርም አትዘምሪ፣ አይኗን ከከደነች በኋላ እንኳ ቶሎ እንዳትለቂያት፣ ምክንያቱም እጅሽ ሲነሳ ብቻዋን የቀረች ይመስላታል።